የክልሉ ወረቀት ይነበብ፦ «የአካባቢ ምርጫ ከንቱ ድካም ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። መልእክቱ አጭር ነው። በምርጫ ዓመት ሰው ሊጨነቅበት የሚገባው የፓርላማው ድምፅ ብቻ ነው፤ የክልል ምክር ቤቱ ወረቀት ማሟያ ነው፤ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ደግሞ ጨርሶ ባይኖር ማንም አይጎዳም ይላል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ስድብ የለበትም፤ ብዙ ሰው በሆዱ የያዘውን አፍ አውጥቶ ተናግሯል። በዚህ ፍጥነት የተዛመተውም ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ በቁጣ ሳይሆን ነጥብ በነጥብ መመለስ ይገባዋል።

የጸሐፊው ክርክር በአምስት ነገሮች ላይ ቆሟል። አንደኛ፣ ገንዘቡም ሥልጣኑም ያለው በፌዴራል መንግሥቱ እጅ ስለሆነ ክልልና ወረዳ የሚወስኑት ቁም ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ፓርላማውን ያሸነፈ ፓርቲ ክልሉንም ማሸነፉ ስለማይቀር ሁለተኛው ወረቀት የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ሦስተኛ፣ የአካባቢ ምርጫ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ሳይካሄድ አገር ሥራውን አላቆመም፤ እንግዲያው በምርጫ ፈንታ ብቁ ባለሙያ መሾም ይሻላል። አራተኛ፣ ባለን የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ለትንሽ ፓርቲ ወይም ለግል ዕጩ የተሰጠ ድምፅ ባክኖ ይቀራል። አምስተኛ፣ ጥፋት ቢፈጸምም አቤት የሚባልበት ቦታ የለም። እንዳነበብኩት ከሆነ ያሉት ይህን ነው፤ አላጣመምኩባቸውም።

ገንዘቡ የት ነው የሚወሰነው?

ትልቁ ኪስ የፌዴራል መንግሥቱ ነው ሲሉ ጸሐፊው ልክ ናቸው። አብዛኞቹ ክልሎች ራሳቸው የሚሰበስቡት ገቢ ወጪያቸውን አይሸፍንላቸውም። ጽሑፉ ያልነካው ግን ድጎማው በምን መልክ እንደሚወርድ ነው፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ለ2017 በጀት ዓመት መጀመሪያ ከጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር የፌዴራል በጀት ውስጥ 222.7 ቢሊዮኑ ለክልሎች የሚሰጥ ድጎማ ነበር። ከመቶ ብር 23 ያህሉ ማለት ነው። ይህ ገንዘብ «ይህን ያህሉ ለትምህርት፣ ይህን ያህሉ ለጤና» ተብሎ ተሸንሽኖ አይመጣም፤ በጥቅል ነው የሚወርደው። ምን ያህሉ በክልል ቢሮዎች እንደሚቀር፣ ምን ያህሉ ወደ ወረዳ እንደሚሄድ፣ በምን ቀመር እንደሚከፋፈል የሚያጸድቀው የክልሉ ምክር ቤት ነው። በላዩ ላይ የክልሉ የራሱ ገቢ ይጨመራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የክልል መንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሥራ ግብር፣ የገበሬውን የእርሻ ገቢ ግብር፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን፣ የግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር፣ ከግል ቤት ኪራይ የሚገኘውን ግብር ለክልል ሰጥቷል። በክልል ከተማ «የቁርጥ ግብሩ ግምት በዛብኝ» ብሎ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ደጅ የሚጠና ባለሱቅ ጉዳዩ ከፓርላማው ጋር አይደለም። ግብሩን የደነገገው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ቅሬታውን የሚሰማውም እዚያው ያለ ጽሕፈት ቤት ነው።

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መጀመሪያ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል ገንዘቡ በቀመር እየተሰላ በቀጥታ ወደ ወረዳ እንዲወርድ ተደርጓል። የአንደኛ ደረጃ መምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የግብርና ልማት ሠራተኛው ደመወዛቸው የሚወጣው ከወረዳ በጀት ነው። በአንድ የገጠር ቀበሌ በደንቡ 2 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና 3 የልማት ሠራተኞች ይመደባሉ። መምህራኑ ሲጨመሩበት የወረዳው በጀት አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል። ከደመወዝ የተረፈችው ትንሽ ገንዘብ «ሥራ ማስኬጃ» ትባላለች። ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ጥገናና መለዋወጫ ሁሉ የሚታየው ከእርሷ ነው።

ይህች ገንዘብ ምን እንደምትሠራ አንድ የእጅ ፓምፕ ማየት ይበቃል። በገጠር በብዛት የተተከለው አፍሪዴቭ የሚባለው ፓምፕ ቶሎ የሚያልቅበት ነገር ውድ አይደለም፤ ፒስተኑ ላይ ያለችው ጎሚኒ፣ የታችኛው ቫልቭ ጎማና የእጀታው ቡሽ ናቸው። ጎሚኒዋ ስትበላ ውኃው ወዲያው አይቋረጥም። መጀመሪያ እጀታው ሳያቋርጥ ብዙ ጊዜ ካልተመታ ውኃ አይመጣም፤ ቆይቶ አንድ ጀሪካን ለመሙላት የሚፈጀው ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ በመጨረሻ አየር ብቻ ይስባል። በዚህ ደረጃ የውኃ ኮሚቴው የሠለጠነ ሰውና መለዋወጫ ካለው እዚያው ይጠግነዋል። ዘንጉ ተቆርጦ ወይም ቧንቧው ተላቅቆ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ ግን የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ቴክኒሻን ከነማውጫ መሣሪያው መምጣት አለበት። ለመምጣት የሞተር ሳይክል ነዳጅ፣ ውሎ አበልና መለዋወጫ ይፈልጋል፤ ሦስቱም ያሉት በሥራ ማስኬጃ መደብ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። መደቡ ጠባብ ሆኖ የተያዘለት ጽሕፈት ቤት በጥር አካባቢ ነዳጁን ይጨርሳል፤ በብዙ ደጋ አካባቢዎች ደግሞ ምንጭ የሚደርቅበትና ፓምፑ ላይ ሰልፉ የሚረዝመው የካቲትና መጋቢት ላይ ነው። ቴክኒሻኑ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የሚቀረው። ባለፈው ሰኔና ሐምሌ በጀቱ ሲደለደል ለነዳጅ የተያዘው መስመር ዓመቱን እንደማያደርስ እየታወቀ እጅ ስለወጣለት ነው። ያንን እጅ ያወጡት ሰዎች በፓርላማው ወረቀት ላይ ስማቸው የለም።

ግልባጭ የተባለው ወረቀት

የጸሐፊው ሁለተኛ ነጥብ በቅርብ ታሪካችን ውስጥ መሠረት አለው። በ2002 ምርጫ ከ547 የፓርላማ መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ 547ቱንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወስደዋል። የክልል ምክር ቤቶችም ከዚህ የተለየ ነገር አላሳዩም። ይህን ያየ ሰው ሁለቱን ወረቀት አንድ አድርጎ ቢቆጥራቸው አይፈረድበትም።

ግን «ማሸነፉ አይቀርም» የሚለው ቃል በ1997 አልሠራም። ግንቦት 7 ቀን 1997 በተካሄደው ምርጫ ፓርላማውን ኢሕአዴግ ሲይዝ፣ አዲስ አበባ ላይ ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138 የከተማ ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን አሸንፎ ነበር። ቅንጅት ምክር ቤቱን ስላልተረከበ ከተማዋ እስከ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ በባለአደራ አስተዳደር ቆየች። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መራጩ በአንድ ቀን ለሁለት ምክር ቤቶች የሰጠው ድምፅ ሁለት የተለያየ መንግሥት ሊያቆም ይችላል። የታችኛው ምክር ቤት ባዶ ሲቀር ደግሞ መሬቱን፣ ቤቱን፣ ትራንስፖርቱን የሚያስተዳድር ተመራጭ ይጠፋል፤ ክፍተቱንም በሹመት የሚሞላው ሌላ አካል ይሆናል።

ቁጥሩም ግልባጭ አይደለም። አዲስ አበባ ለፓርላማ 23፣ ለከተማ ምክር ቤት 138 ተወካዮችን ትመርጣለች። ትግራይ ለፓርላማ 38 መቀመጫ ሲኖራት ለክልሉ ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ የሚመረጡት 152 ነበሩ። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 አባላት አሉት፤ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ አባላት ናቸው፤ እነዚህን የሚመርጠው የሐረሪ ተወላጅ ነው። ስሞቹ ሌላ፣ ብዛቱ ሌላ፣ አንዳንድ ቦታ መራጩም ሌላ ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልጠቀሰው፣ እኔ ግን ከሁሉ የሚከብደኝ ነገር የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የዚህ ምክር ቤት አባላት በእኛ አገር አሠራር የሚመጡት በክልል ምክር ቤቶች ተመርጠው ነው። አንቀጽ 61 በሕዝብ በቀጥታ እንዲመረጡ ማድረግንም ይፈቅዳል፤ ይህ መንገድ ግን ልማድ አልሆነም። በአንቀጽ 62 መሠረት ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ይህ ምክር ቤት ነው። የክልሎች ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነውም እርሱው ነው። ከላይ ያነሣሁት 222.7 ቢሊዮን ብር በምን ሚዛን እንደሚከፈል የሚወስኑት ሰዎች ሥራቸውን ያገኙት መራጩ «ማሟያ ነው» ተብሎ ከተነገረው ወረቀት ነው።

ሥልጣኑ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እነሆ። በኮሮና ምክንያት የ2012 ምርጫ ሲራዘም፣ የምክር ቤቶቹ የአምስት ዓመት ዘመን ካበቃ በኋላ ፓርላማውና የክልል ምክር ቤቶቹ በሥራ ላይ ይቆዩ ወይስ አይቆዩ የሚለው ጥያቄ የተወሰነው ሰኔ 3 ቀን 2012 በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነበር። ውሳኔውን የሚደግፍም የሚቃወምም ይኖራል። የፓርላማው ዕድሜ የተራዘመው ግን ከክልል ምክር ቤቶች በመጡ ሰዎች ድምፅ ነው።

አዲስ ክልል የሚወለድበት መንገድም ከታች ነው የሚጀምረው። አንቀጽ 47 ጥያቄው በብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲደገፍ፣ ከዚያ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ያዛል። ኅዳር 10 ቀን 2012 የተካሄደው የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ መነሻው የዞን ምክር ቤት ውሳኔ ነበር። ጥር 29 ቀን 2015 በ6 ዞኖችና በ5 ልዩ ወረዳዎች የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔም ጥያቄው የተነሣው ከዞንና ከልዩ ወረዳ ምክር ቤቶች ነው። የአገሪቱን ካርታ የቀየረ ውሳኔ ሲጀመር እጅ የወጣው በዞን አዳራሽ ውስጥ ነበር።

«ሳይመረጥም ሥራው አልቆመም»

የወረዳ፣ የቀበሌ፣ የክልል ከተሞችና የዞን ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነው። ቀጣዩ በ2010 ሊሆን ነበር፤ ተራዘመ፤ እንደተራዘመ ቀረ። በ2005 የአምስት ዓመት ሕፃን የነበረ ልጅ በ2018 የመራጭነት ዕድሜ ላይ ደርሷል፤ የወረዳውን ምክር ቤት ግን ወላጆቹ ሲመርጡ እንኳ አይቶ አያስታውስም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር አለ። የ2000 እና የ2005 የአካባቢ ምርጫዎች አርአያ የሚሆኑ አልነበሩም። የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ተደርጎ ስለነበር በአገር ደረጃ 3.6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫ ነበር። ይህን ያህል ዕጩ ማቅረብ የሚችለው በየመንደሩ መዋቅር ያለው ገዢ ፓርቲ ብቻ ነው። በ2005 ቅሬታቸውን በፊርማ ያቀረቡ 33 ፓርቲዎች ከውድድሩ ወጡ። 300 ሰው የሚሰበሰብበት የቀበሌ ምክር ቤት ደግሞ በጀት መርምሮ አስፈጻሚን መጠየቅ አይችልም፤ ስብሰባ ሆኖ ይበተናል። ይህ ሁሉ ምርጫው በምን መልክ መስተካከል እንዳለበት ይነግረናል፤ ይቅር የሚያሰኝ ግን አይደለም።

«ሥራው አልቆመም» የሚለውም ሲመረመር ሳስቶ ይገኛል። ደመወዝ መክፈል አልቆመም፤ መታወቂያ መስጠት አልቆመም። የቆመው ከሥር ወደ ላይ የሚደረገው ጥያቄ ነው። በሕጉ የወረዳው ዋና አስተዳዳሪና ካቢኔው ለወረዳው ምክር ቤት ተጠሪ ናቸው። የምክር ቤቱ አባል ከ2005 ወዲህ መራጭ ፊት ቀርቦ ካልታደሰ፣ አንዳንዱም ለቆ፣ አንዳንዱም ሞቶ ቦታው ባዶ ከቀረ፣ አስተዳዳሪው የሚፈራው ሾሞ የላከውን የበላይ ብቻ ይሆናል። ከዞን የመጣ ትእዛዝ በማግሥቱ ይፈጸማል፤ ከቀበሌ የመጣ አቤቱታ ፋይል ውስጥ ይከርማል። በሰዎቹ ክፋት ላይ ብቻ መላከክ አይቻልም፤ መንበራቸው የተሠራው እንዲህ ነው።

ባለሙያ ይሾም የሚለው ሐሳብ ደግሞ ሁለት ነገር ያደባልቃል። ባለሙያው አሁንም አለ። መሐንዲሱ፣ የጤና ባለሙያው፣ ሒሳብ ሠራተኛው በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ተቀጥረው ወረዳው ውስጥ ይሠራሉ። መሐንዲሱ ድልድዩ ስንት እንደሚፈጅ፣ ሁለት የመማሪያ ክፍል ስንት እንደሚፈጅ በትክክል ይነግረናል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ሲሆን የትኛው ይቅደም የሚለው ግን የምህንድስና ጥያቄ አይደለም፤ ወንዙ ማዶ ያለው ጎጥና ልጆቹ ዛፍ ሥር የሚማሩት ጎጥ የሚከራከሩበት ነው። ሴፍቲኔት ውስጥ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለው ዝርዝር የሚጀምረው ከቀበሌ ኮሚቴ ነው። የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ ድንበሩን አይቶ የሚመሰክረው የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ነው። እነዚህ ውሳኔዎች ዲግሪ ካለው ሰው ይልቅ ጎረቤት የሚያምነውና ጎረቤት ሊያነሣው የሚችለው ሰው ይፈልጋሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጸሐፊው ያልመለሱት ጥያቄ አለ። ብቁውን ባለሙያ ማን ይሹመው? ወረዳን በሹመት የሚሞላው የክልሉ መንግሥት ነው፤ የክልሉን መንግሥት የሚያቆመው የክልሉ ምክር ቤት ነው። የአካባቢ ምርጫ በማይካሄድበት ጊዜ ወረዳዬን ማን ያስተዳድር የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በክልሉ ወረቀት ብቻ ነው ማለት ነው። የራሳቸው ሐሳብ ቢፈጸም እንኳ ይበልጥ የሚከብደው ጸሐፊው ማሟያ ያሉት ወረቀት ነው።

ባከነ ስለተባለው ድምፅ

የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ድምፅ ያባክናል ሲሉ እውነት አላቸው። 1,000 ሰው ድምፅ በሰጠበት ቦታ አምስት ዕጩዎች 280፣ 260፣ 200፣ 160 እና 100 ቢያገኙ 280 ያገኘው ያልፋል፤ የ720ው ሰው ምርጫ ወንበር አያገኝም። ለፓርላማው ይህን መቀየር ቀላል አይደለም፤ አንቀጽ 54 ራሱ ስለደነገገው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይጠይቃል። ስለ ክልል ምክር ቤቶች ግን የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት እንዲህ አልቆለፈም። ትግራይ በ2012 ክልላዊ ምርጫዋ በ152ቱ ላይ 38 የተመጣጣኝ ውክልና መቀመጫ ጨምራ ነበር። ያንን ምርጫ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥታዊ አይደለም ብሎ ሽሮታል፤ ክርክሩም የታወቀ ነው። ቅይጥ ሥርዓት በክልል ደረጃ ሊታሰብ እንደሚችል ግን አሳይቷል። የምርጫ ሥርዓቱ የሚያንገበግበው ሰው ማሻሻያውን ሊገፋበት የሚችለው ቅርቡ ቦታ የክልል ምክር ቤት ነው።

ሥርዓቱ እንዳለ እያለም ቢሆን ትንሽ ድምፅ ሁልጊዜ አይባክንም። አብላጫ ድምፅ የሚቀጣው በአገሩ ሁሉ ስስ ሆኖ የተበተነን ድጋፍ ነው፤ አንድ ቦታ የተሰበሰበን ድጋፍ ግን ይሸልማል። በ2013ቱ ምርጫ ተቃዋሚ ፓርቲዎች 11፣ የግል ዕጩዎች 4 የፓርላማ መቀመጫ አግኝተዋል። ከእነዚያ 2ቱን የወሰደው በአንድ አካባቢ ብቻ የሚንቀሳቀሰው የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ነው። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በ1997 ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው አሸንፈዋል። ገዢው ግንባር 545 መቀመጫ በወሰደበት በ2002 እንኳ ቦንጋ ላይ አንድ የግል ዕጩ አልፏል። አንድ ሰው በአካባቢው ያለው ስምና ሥራ የፓርቲን ምልክት ሊያሸንፍ ይችላል፤ የምርጫው ቦታ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ይህ ዕድል ይሰፋል።

በእርግጥ የሚባክነው ድምፅ ሌላ ነው። ለክልል ወይም ለከተማ ምክር ቤት ከአንድ በላይ ተወካይ በሚመረጥበት ቦታ መራጩ ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ምልክት ካደረገ ወረቀቱ ዋጋ ያጣል። ስም ወይም ፊርማ የተጻፈበት፣ ምልክቱ በሁለት ዕጩዎች መካከል ያረፈ ወረቀትም እንዲሁ ይወድቃል። የፓርላማውን ወረቀት አስቦ ሞልቶ ሁለተኛውን በጥድፊያ የሚያጥፍ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ወረቀቶቹን ሲቀበሉ አስፈጻሚውን «ለክልል ስንት ነው የምመርጠው?» ብሎ መጠየቅ፣ ምልክቱን በሳጥኑ ውስጥ ብቻ ማድረግ፣ ቀለሙ ወደ ሌላው ዕጩ እንዳይተላለፍ እስኪደርቅ ጠብቆ ማጠፍ፣ ከተበላሸም ኮሮጆ ውስጥ ሳይከቱ መልሶ ሌላ መጠየቅ።

አቤቱታ

አምስተኛው ነጥብ ላይ ባጭሩ እመልሳለሁ። በጸጥታ ችግር ጣቢያ በማይከፈትበት፣ ወይም ዕጩዎች ተገፍተው በወጡበት ቦታ ላለ ሰው ስለ አቤቱታ ሥርዓት መስበክ ቁስሉን መንካት ነው። በ2013 ተቃዋሚ ፓርቲዎቹ ኦፌኮና ኦነግ ባልተወዳደሩበት የኦሮሚያ ሰፊ ክፍል መራጩ የሚያነጻጽረው ዕጩ አልነበረውም። ይህ የሚፈታው በአቤቱታ ቅጽ አይደለም።

ጣቢያው ተከፍቶ፣ ዕጩ ኖሮ፣ ስሕተት የተፈጸመ እንደሆነ ግን መንገዱ አለ። አቤቱታ ከጣቢያው ኮሚቴ ይጀምራል፤ ወደ ምርጫ ክልሉ፣ ከዚያ ወደ ቦርዱ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በ2013 ምርጫ ቦርድ የባልደራስ ፓርቲን እስረኛ አመራሮች በዕጩነት አልመዘግብም ሲል የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ተቃራኒውን ወሰነ፤ ዕጩዎቹ ተመዘገቡ፤ የአዲስ አበባ የድምፅ መስጫ ወረቀት እንደገና ታተመ። ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ለብሔራዊ ጉባኤው ይምረጡ አይምረጡ የሚለው ክርክርም በፍርድ ቤት ተወስኗል። ልብ በሉ፤ ይህኛው የክልል ምክር ቤት ጉዳይ ነው። ድምፅ ከተሰጠ በኋላም ቦርዱ በአንዳንድ የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ቆጠራ፣ በአንዳንዶቹም ድጋሚ ምርጫ አዝዟል።

አብዛኛው አቤቱታ የሚወድቀው እውነት ስለሌለው ሳይሆን ዘግይቶ፣ በቃል ብቻ ወይም ያለማስረጃ ስለሚቀርብ ነው። ቀነ ገደቡ በሰዓታትና በቀናት ነው የሚቆጠረው። ቆጠራው የሚደረገው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ነው፤ ውጤቱም በር ላይ ይለጠፋል። የዕጩ ወኪል የሆነ ሰው ከመፈረሙ በፊት ለዕጩዎች የተቆጠረውን፣ ዋጋ ያጣውን፣ ተበላሽቶ የተመለሰውንና ጥቅም ላይ ያልዋለውን ወረቀት ደምሮ ከመጣው ወረቀት ጋር ማመሳከር አለበት። ካልገጠመ ልዩነቱን ቅጹ ላይ ያስጽፍ። የተለጠፈውን ውጤት በዚያው ሌሊት ፎቶ ያንሣ፤ ጠዋት ዝናብና ነፋስ ወረቀቱን ሊወስደው ይችላል። የክልሉና የፓርላማው ቅጽ ለየብቻ ነው፤ ሁለቱም መነሣት አለባቸው።

ለዕጩ የሚቀርብ ጥያቄ

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ «የክልል ዕጩ ምን ይጠየቃል?» ይላል። ከመጠየቅ በፊት የጊዜውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ 2013ቱ በሰኔ ድምፅ ከተሰጠ አዲሱ ምክር ቤት ሥራ የሚጀምረው በመስከረም ነው። ሐምሌ 1 የጀመረውን በጀት ግን ተሰናባቹ ምክር ቤት አጽድቆታል። አዲሱ ተመራጭ በሙሉ እጁ የሚያወጣው የመጀመሪያ በጀት የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ «በመጀመሪያው ዓመት መንገድ እሠራለሁ» የሚል ዕጩ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ ይጠየቅ፤ ከተጨማሪ በጀት ነው ወይስ ከሌላ ሥራ ላይ በማዛወር?

ቀጥሎ ስለ ቀመሩ ይጠየቅ። የክልሉ ገንዘብ ለወረዳዎች ሲከፋፈል የሕዝብ ብዛት፣ ርቀትና ድህነት እያንዳንዳቸው ምን ያህል ይመዝኑ ይላል? የወረዳው በጀት በፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ከሆነ የደመወዙንና የሥራ ማስኬጃውን መስመር ገልብጦ ይዞ መሄድና ፊት ለፊት ማሳየት ይቻላል፤ ካልተለጠፈም ለምን እንዳልተለጠፈ ራሱ አንድ ጥያቄ ነው። የአካባቢ ምርጫ በየትኛው ዓመት እንዲካሄድ፣ የቀበሌ ምክር ቤትም ስንት አባላት እንዲኖሩት ድምፁን ይሰጣል? የውኃ ጽሕፈት ቤቱ የነዳጅ መስመር ጥር ላይ ሲያልቅ፣ የካቲት ላይ ፓምፑን የሚያስጠግነው በምንድን ነው?